ምላጩም ገመዱም ይቅር፦ ስለ እፉኝት ለተጻፈ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

በላንጋኖ ሐይቅ ዳርቻ ባለ የግራር ጫካ ውስጥ በእግር ሲጓዙ ከእፉኝት ጋር ስለተገናኙ ሰው የሚተርክ ጽሑፍ ሰሞኑን በብዙዎች ዘንድ ሲነበብ ሰንብቷል። ጸሐፊው ከጓደኞቻቸው ጋር በማለዳ በቀጭን የእግር መንገድ ሲሄዱ፣ ሁለት እርምጃ በማይሞላ ርቀት ላይ ከደረቀ ቅጠል የማይለይ ወፍራም እባብ ተጋድሞ እንዳዩ፣ እባቡም ሰውነቱን ነፍቶ በኃይል እንደተነፈሰባቸው፣ እሳቸውም ዱላ ፈልገው ተመልሰው ቀጥቅጠው እንደገደሉት ይነግሩናል። ድንጋጤያቸውን የገለጹበት መንገድ ልብ ይነካል፤ ከእግሩ ሥር እፉኝት በድንገት ያየ ሰው ሁሉ ያንን የጉልበት መክዳት ያውቀዋል።

ጽሑፉ በትረካው አብቅቶ ቢሆን ኖሮ ይህን ምላሽ ለመጻፍ ባልተነሣሁ ነበር። ጸሐፊው ግን ከገጠመኛቸው ተነሥተው ለሌሎች ተጓዦች መመሪያ ሰጥተዋል። እባብ ሰውን አድፍጦ እንደሚጠብቅ፣ ያዩትን እባብ ሳይገድሉ ማለፍ አደጋን ለኋላ ማቆየት እንደሆነ፣ የገደሉትንም ጥንዱ ሊበቀልለት እንደሚመጣ፣ ድምፅ እያሰማ ለሚሄድ ሰው እባብ ሁሉ መንገድ እንደሚለቅ፣ ደጋ ላይ መርዛማ እባብ እንደሌለ ጽፈዋል። ከዚያም የተነደፈ ሰው ከቁስሉ በላይ በገመድ ጠበቅ ተደርጎ እንዲታሰር፣ ቁስሉ በምላጭ ተበጥቶ ደሙ እንዲመጠጥ፣ መርዝ ይስባል የሚባለው ጥቁር የእባብ ድንጋይ እንዲለጠፍበት ይመክራሉ። የሞተው እባብ ለሐኪም እንዲወሰድ፣ አቅም ያለው ተጓዥም ፀረ መርዝ ገዝቶ በቦርሳው እንዲይዝ ያሳስባሉ። በመጨረሻም መድኃኒቱ በሀገራችን ሆስፒታሎች ስለማይገኝ ወደዚያ መሮጥ ጊዜ ማባከን ነው ይላሉ። በቆላማ አካባቢ ጤና ጣቢያ ውስጥ የሠራሁ፣ ዛሬም በየጫካውና በየሸለቆው በእግር መጓዝ የምወድ ሰው በመሆኔ፣ ይህ መመሪያ ሳይታረም ሲሰራጭ ዝም ማለት አልቻልኩም። ወፍራምና ረጅም ጫማ ስለማድረግ፣ በጨለማ ባትሪ ስለመያዝ፣ እጅን በድንጋይ ሥርና በጉድጓድ ስላለመክተት የሰጡት ምክር ግን ትክክል ነው፤ በዚያ ላይ የምጨምረው የለኝም።

«እባቡ አድፍጦ ይጠብቀኝ ነበር» ከሚለው ልጀምር። እፉኝት አድፍጦ የሚያድን እንስሳ መሆኑ እውነት ነው፤ የሚያደፍጠው ግን ለአይጥ፣ ለወፍ፣ ለእንሽላሊትና ለእንቁራሪት ነው። ርዝመቱ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሜትር ብዙ የማይርቅ እባብ ሰውን ሊውጥ አይችልም። መርዙም ምግቡን የሚያገኝበት መሣሪያው ስለሆነ፣ ሊበላው በማይችለው ፍጡር ላይ የሚያውለው ሲረገጥ፣ ሲያዝ ወይም መውጫ ሲያጣ ነው። ሰውነቱን መንፋቱና በኃይል መተንፈሱ የጥቃት መጀመሪያ ሳይሆን እንዳይረገጥ የሚሰጠው ማስጠንቀቂያ ነው። ይህም በራሳቸው በጸሐፊው ትረካ ውስጥ ይታያል፤ እባቡ ከተነፈሰ በኋላ እሳቸው ዱላ ፈልገው እስኪመለሱ ድረስ ከነበረበት አልተንቀሳቀሰም። ዱላ ለመፈለግ የበቃው ጊዜ ወደ ኋላ ለማፈግፈግም ይበቃ ነበር።

እፉኝት ሰውን አሳድዶ ሊደርስበት አይችልም። ሰውነቱ ከባድ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚሄደውም በሆዱ ቅርፊቶች መሬቱን እየገፋ፣ ቀጥ ብሎ በዝግታ ነው። በአንጻሩ ባለበት ሆኖ ጭንቅላቱን ወደ ፊት ወርውሮ የሚነድፍበት ፍጥነት የሰው ዓይን ሊከተለው የማይችል ነው፤ ይህ ውርወራ የሚደርሰው ግን ከራሱ ቁመት ላነሰ ርቀት ብቻ ነው። ስለዚህ ተጓዡን የሚያድነው ጉልበትም ጀግንነትም ሳይሆን ርቀት ነው። እባቡን ያየ ሰው በመጀመሪያ ባለበት ቀጥ ብሎ መቆም፣ እባቡ በትክክል የት እንዳለ በዓይኑ መለየት፣ ከኋላው ያሉትን ማስቆም፣ ከዚያም በመጣበት ዱካ በቀስታ ወደ ኋላ መመለስ አለበት። ጥቂት ሜትር ከራቀ በኋላ በሰፊው ዞሮ ማለፍም ሆነ እባቡ እስኪሄድ መጠበቅ የእሱ ምርጫ ነው። በድንጋጤ ወደ ጎን ዘሎ ያላየው ቁጥቋጦ ውስጥ መግባት ግን አንዱን አደጋ በሌላ መለወጥ ሊሆን ይችላል።

ድምፅ እያሰሙ ስለመሄድ የተሰጠው ምክር ለብዙ የእባብ ዓይነቶች በከፊል ይሠራል። እባብ ከውጭ የሚታይ ጆሮ ባይኖረውም የመሬቱን ንዝረት በመንጋጋው አጥንት በኩል ወደ ውስጠኛው ጆሮው ያደርሳል፤ እንደ ኮብራና ማምባ ያሉት ፈጣኖቹ የሰው ኮቴ ሲሰማቸው አብዛኛውን ጊዜ ቀድመው ይሸሻሉ። እፉኝት ግን የሚተማመነው በመሸሽ ሳይሆን በመደበቅ ነው። በደቡብ አፍሪካ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት ይህ መደበቅ ምን ያህል የረቀቀ እንደሆነ አሳይቷል፤ በማሽተት የሠለጠኑ ውሾች የሌሎች እባቦችን ጠረን ሲለዩ፣ አድፍጦ የተኛውን እፉኝት ግን በጠረኑ ሊያገኙት አልቻሉም። ውሻ አሽትቶ የማያገኘው፣ ሰው አይቶ የማይለየው እንስሳ በጭብጨባና በዘፈን ተነሥቶ መንገድ ይለቃል ብሎ መተማመን አደገኛ ነው። በአፍሪካ ብዙ ሰው በዚህ እባብ የሚነደፈውም እባቡ ስለሚያጠቃ ሳይሆን ሰው ሲቀርበው ስለማይነሣ፣ በዚህም ምክንያት ስለሚረገጥ ነው።

ጸሐፊው በማለዳ መንገድ ላይ ማግኘታቸውም እንዲሁ በአጋጣሚ የሆነ አይመስለኝም። እባብ የሰውነቱን ሙቀት የሚያገኘው ከአካባቢው ስለሆነ ከቀዝቃዛ ሌሊት በኋላ ፀሐይ ወደሚመታው ገላጣ ቦታ ይወጣል፤ በጫካ ውስጥ ከእግር መንገድ የተሻለ ገላጣ ቦታ ደግሞ ብዙ የለም። አመሻሹ ላይም ቀኑን ሙሉ የሞቀው መሬት ይስበዋል፤ እፉኝት በብዛት የሚንቀሳቀሰውም በሌሊት ነው። እንግዲህ መፍትሔው ዓይንን ከመንገዱ አለማንሣት፣ እግር የሚያርፍበትን ሳያዩ አለመርገጥ፣ የወደቀ ግንድ ሲያጋጥም ከመሻገር በፊት ግንዱ ላይ ቆሞ ማዶውን መመልከት፣ ስልክ ማየት ሲያስፈልግ ደግሞ መጀመሪያ መቆም ነው። ከድንኳን ወጥቶ ለሽንት የሚሄድ ሰው ርቀቱ አሥር እርምጃ እንኳ ቢሆን ጫማና ባትሪ ያስፈልገዋል።

ስለ መግደል ጸሐፊው «እባብ ግደል ከነበትሩ ገደል» የሚለውን ብሂል ጠቅሰዋል። ልጆቹ በሚተኙበት ጎጆ ውስጥ እባብ የገባበት ገበሬ እባቡን ቢገድል ማንም ሊፈርድበት አይገባም፤ ብሂሉም የዚያን ሰው ስጋት ይዟል። ለሽርሽር ወደ ጫካ የሄደ ሰው ጉዳይ ግን ሌላ ነው፤ እዚያ ወደ ሌላው ቤት የገባው ተጓዡ ራሱ ነው። ዱላ ይዞ እባብ ለመግደል የሚጠጋ ሰው ወደ መንደፊያው ክልል በገዛ ፈቃዱ እየገባ ነው፤ ሊነካው ሳይሞክር ቢያልፍ ኖሮ የማይነደፍ ብዙ ሰው በዚህ መንገድ ይነደፋል። በሕግም ቢሆን በብሔራዊ ፓርክ ውስጥ የዱር እንስሳ መግደል የተከለከለ ነው፤ የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 የአዋሽን፣ የነጭ ሳርንና የባሌን እባቦች ከሌሎቹ እንስሳት ለይቶ ለዱላ አሳልፎ አልሰጠም።

ስለ በቀለኛው ጥንድ ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተናል። እባቦች ግን እንደ ርግብ ተጣምረው አይኖሩም፤ የሞተውንም አያለቅሱለትም፣ ገዳዩንም ለይተው አያስታውሱም። በመራቢያ ወቅት ወንዱ የሴቷን የጠረን ዱካ ተከትሎ ስለሚሄድ፣ አንዱ በተገደለበት ቦታ በማግስቱ ሌላ እባብ መታየቱ ይቻላል፤ እምነቱ የተፈጠረው ከዚህ ዓይነት እይታ ሊሆን ይችላል። ይህን ለይቶ ማወቅ የሚጠቅመው፣ በቀል ይመጣብኛል ብሎ የፈራ ሰው ሁለተኛውንም ለመግደል ቁጥቋጦ ለቁጥቋጦ መፈለግ ስለሚጀምር ነው።

የሞተውን እባብ ለሐኪም ስለመውሰድ የተነገረውም መታረም አለበት። ጭንቅላቱ የተቆረጠ እባብ እንኳ ለተወሰነ ጊዜ የመንከስ ግብረ መልስ አይለቀውም፤ የመርዝ ከረጢቱም እንደ ሞላ ነው። ከሩቅ በስልክ የተነሣ ፎቶ ካለ ለሐኪሙ በቂ ነው፤ ፎቶም ከሌለ ሐኪሙ የሚያክመው እባቡን ሳይሆን በታካሚው ላይ የሚታየውን ምልክት ስለሆነ ያለሱ ይሠራል። እባቡን ፍለጋ የሚጠፋው ጊዜ የታካሚው ጊዜ ነው።

ደጋ ላይ ስጋት የለም የሚለውን በአጭሩ ልመልስ። በከፍታው ምክንያት እጅግ በሚቀዘቅዘው ተራራማ ቦታ እባብ ጥቂት መሆኑ እውነት ነው፤ «የለም» ማለት ግን ስሕተት ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 በሳይንስ የተመዘገበውና ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ ሀገር የማይገኘው የደጋ እፉኝት ከ2000 ሜትር በላይ ባሉ ደኖችም ይኖራል። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በሐረና ደን ውስጥ ያለ ሌላ የእፉኝት ዝርያ በስሙ ተመዝግቧል። ለእኔ ይህ ከስጋት ይልቅ የሚያኮራ ነገር ነው፤ በሌላው ዓለም የማይገኙ፣ በእኛ ደን ብቻ የሚኖሩ ፍጥረታት ናቸው። ሐረና ጥላ ሥር የሚጓዝ ሰው ግን ደጋ ነው ብሎ በቀላል ነጠላ ጫማ መሄድ የለበትም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ፤ እስካሁን የዘረዘርኳቸው ስሕተቶች ሰውን ለመነደፍ ሲያጋልጡ፣ ከዚህ በታች ያሉት ደግሞ የተነደፈውን ሰው አካለ ጎዶሎ የሚያደርጉ ናቸው።

ጸሐፊው ገመድ፣ ምላጭና መምጠጥ የሚመክሩት መርዙ ገና ወደ ልብ ሳይደርስ በደቂቃዎች ውስጥ መያዝ አለበት ከሚል ሐሳብ ተነሥተው ነው። የእፉኝት መርዝ አሠራር ግን እንዲህ አይደለም። የእፉኝት የመርዝ ጥርሶች ረጃጅምና ሲታጠፉ የሚተኙ ናቸው፤ ሲነድፍ ወደ ፊት ተዘርግተው መርዙን በጥልቀት ሥጋ ውስጥ ያስገባሉ። መርዙ በዋናነት የሚጎዳው ያገኘውን ሕብረ ሕዋስና የደም ሥሮችን ነው። ሕመሙ ወዲያውኑ ይጀምራል፤ እብጠቱ ከእግር ጣት ወደ ጉልበት፣ አልፎም ወደ ታፋ ሊወጣ ይችላል፤ ቆዳው ውኃ ይቋጥራል፣ ይጠቁራል። ብዙ የሰውነት ፈሳሽና ደም ወደ አበጠው አካል ስለሚወጣ የደም ግፊት ይወርዳል፤ ሰው በእፉኝት የሚሞተውም አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ምክንያት፣ ከብዙ ሰዓታት ወይም ከአንድ ቀን በኋላ ነው። ይህ ማለት ተጓዡ ሕክምና ቦታ ለመድረስ የሚበቃ ጊዜ አለው ማለት ነው። የሚያሳዝነው ያ ውድ ጊዜ በምላጩና በገመዱ ዙሪያ ማለቁ ነው።

ገመዱን እንመልከት። ሥጋን የሚያበሰብስ መርዝ የገባበትን እግር ደም በማይተላለፍበት ሁኔታ አጥብቆ ማሰር መርዙን በአንድ ቦታ ሰብስቦ ማቆየት፣ በዚያው ላይ ደግሞ ለዚያ አካል የሚደርሰውን ደምና አየር መከልከል ነው። ባገለገልኩበት ቦታ ከመርዙ ይልቅ በመቀነትና በገመድ ምክንያት እግራቸው የቀዘቀዘና የጠቆረ ሰዎች በቃሬዛ ሲመጡ አይቻለሁ። ዘመዶቻቸው ያሰሩት በፍቅርና በጭንቀት ነበር፤ ለዚህም ነው እንዲህ ያለ ምክር በጽሑፍ ሲሰራጭ የምቆጣው። ገመዱ አስቀድሞ ታስሮ ከሆነ ደግሞ በመንገድ ላይ በድንገት መፍታትም አደጋ አለው፤ ታግዶ የቆየው መርዝ ባንድ ጊዜ ወደ ሰውነት ሊሰራጭ ስለሚችል፣ የሚፈታው የሕክምና ባለሙያ ባለበት ቢሆን ይመረጣል። በአውስትራሊያ የተለመደው ሙሉውን እግር በሰፊ ፋሻ የመጠቅለል ዘዴ ነርቭን ለሚያደነዝዙ መርዞች የተዘጋጀ ነው፤ እብጠትና መበስበስ ለሚያመጣው ለእፉኝት መርዝ አይመከርም።

ምላጩ ከገመዱ አይሻልም። በጥልቀት የገባን መርዝ ከላይ በመብጣት ማውጣት አይቻልም፤ ይልቁንም ጅማት፣ ነርቭና የደም ሥር ሊቆረጥ፣ ቁስሉም ሊመረቅዝ ይችላል። በሰሜን ምዕራብ ቆላዎቻችንና በሌሎች ደረቅ ቦታዎች የሚገኘው ትንሹ የበረሃ እፉኝት ደግሞ የደምን የመርጋት ችሎታ የሚያጠፋ መርዝ አለው፤ በዚህ እባብ የተነደፈን ሰው በምላጭ መብጣት ደሙ የማይቆም ሁለተኛ ቁስል መፍጠር ነው። ስለ መምጠጥ እ.ኤ.አ. በ2004 በአሜሪካ የታተመ ጥናት አለ። ፈቃደኛ በሆኑ ሰዎች እግር ውስጥ መርዝን የሚተካ ጉዳት የሌለው ፈሳሽ ተወግቶ፣ ለእባብ ንድፊያ በሚሸጠው መምጠጫ መሣሪያ እንዲወጣ ተሞከረ፤ የወጣው መጠን ከ1 በመቶ እጅግ ያነሰ ነበር። ለዚሁ የተሠራ መሣሪያ ያላወጣውን የጓደኛ አፍ አያወጣውም።

ስለ ጥቁሩ ድንጋይ ጸሐፊው ያቀረቡት ማስረጃ «ተለጥፎላቸው የዳኑ ሰዎችን አውቃለሁ» የሚል ነው። እነዚህ ሰዎች መዳናቸውን አልጠራጠርም። ነገር ግን እባብ ነክሶም መርዝ የማያስገባበት ጊዜ አለ፤ መርዝ የሌላቸው እባቦችም ይነክሳሉ፤ ትንሽ መርዝ የገባበት ጠንካራ ሰውም ያለ ምንም ሕክምና ሊያገግም ይችላል። ለእነዚህ ሁሉ ድንጋይ ቢለጠፍ፣ ቅጠል ቢጨመቅ፣ ሌላም ቢደረግ መዳኑ ለተደረገው ነገር ይቆጠራል። ያልዳኑት ደግሞ ምስክርነት አይሰጡም። እ.ኤ.አ. በ2007 በታተመ ጥናት ድንጋዩ መርዝ በተሰጣቸው አይጦች ላይ ተሞክሮ ምንም ጥቅም አልተገኘበትም። ጸበልን በተመለከተ ጸሐፊው ያሉት ነገር ባይኖርም አንባቢዎች እንደሚያነሡት ስለማውቅ አንድ ቃል ልበል። እምነትና ሕክምና የሚጣሉ አይደሉም፤ ጸበሉን ይዞ፣ እየጸለዩም ወደ ሆስፒታል መሄድ ይቻላል። የተነደፈው ሰው የዓይኑ ቆብ የሚወድቅበት ወይም መዋጥ የሚያቅተው ከሆነ ግን ውኃም ሆነ ሌላ ነገር በአፉ መስጠት ትንታ አስከትሎ ሊገድለው ይችላል።

ፀረ መርዝ በቦርሳ ስለመያዝ የቀረበው ሐሳብ ከመልካም ልብ የመጣ ይመስላል። መድኃኒቱ የሚሠራው ፈረስ ወይም በግ በትንሽ በትንሹ መርዝ ተወግቶ ደሙ ከሚያበጀው መከላከያ ነው። የእንስሳ ፕሮቲን ስለሆነ በአንዳንድ ሰው ላይ ትንፋሽ የሚዘጋና የደም ግፊት የሚጥል ከባድ አለርጂ ያስነሣል፤ ስለዚህ የሚሰጠው በደም ሥር፣ አድሬናሊን ተዘጋጅቶ፣ ታካሚውን የሚከታተል ባለሙያ ባለበት ብቻ ነው። ብዙዎቹ ዓይነቶች ቀዝቃዛ ቦታ መቀመጥ አለባቸው። አንድ ብልቃጥም ብዙ ጊዜ አይበቃም። ለሕፃን የሚሰጠውም መጠን ለአዋቂ ከሚሰጠው አያንስም፤ የሚመጠነው ለታካሚው ክብደት ሳይሆን እባቡ ላስገባው መርዝ ስለሆነ ነው። ይህ ሁሉ በጫካ ውስጥ፣ በጓደኛ እጅ የሚሆን ነገር አይደለም።

ከሁሉም በላይ ያሳሰበኝ «ሆስፒታል መሄድ ጊዜ ማባከን ነው» የሚለው ነው። ጸሐፊው የመድኃኒቱ እጥረት መኖሩን መናገራቸው ልክ ነው፤ እኔም በሙያዬ ያዘንኩበት ጉዳይ ነው። ችግሩ የኛ ብቻም አይደለም። ለአፍሪካ እባቦች የሚያገለግለውን ፋቭ አፍሪክ የተባለ ፀረ መርዝ ሲያመርት የነበረው የፈረንሳዩ ሳኖፊ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2014 ምርቱን አቁሟል፤ የመጨረሻው ክምችትም በ2016 ጊዜው አልፎበታል። የዓለም ጤና ድርጅት የእባብ ንድፊያን እ.ኤ.አ. በ2017 ችላ ከተባሉ የቆላ በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶ፣ በ2019 ደግሞ ሞትንና አካል ጉዳትን እስከ 2030 በግማሽ ለመቀነስ ዕቅድ አውጥቷል። በድርጅቱ ግምት በዓለም ላይ በየዓመቱ ከ81,000 እስከ 138,000 ሰዎች በእባብ ንድፊያ ይሞታሉ፤ የዚህን ሦስት እጥፍ ያህል ደግሞ እጅ ወይም እግራቸውን ያጣሉ ወይም ሌላ ዘላቂ ጉዳት ይደርስባቸዋል። ይህ ቁጥር የሚቀንሰው መድኃኒቱ ሲመጣና ሰው ወደ ሕክምና ሲሄድ ነው። ሰው ካልሄደ የተነደፉት አይመዘገቡም፤ ካልተመዘገቡም መድኃኒት ጠያቂ ሐኪም በምን ማስረጃ ይጠይቃል?

ፀረ መርዝ ባይኖር እንኳ ሆስፒታል ባዶ እጁን አይደለም። የጠፋውን ፈሳሽ በደም ሥር ይተካል፤ የወደቀን የደም ግፊት ያነሣል፤ ሕመሙን ያስታግሳል፤ የመንጋጋ ቆልፍ መከላከያ ይሰጣል። በኮብራ ወይም በማምባ ተነድፎ የመተንፈሻ ጡንቻው የደከመበትን ሰው በመሣሪያ እያስተነፈሰ መርዙ እስኪያልፍ ሊያቆየው ይችላል። ደምም ይመረምራል፤ ይህ ደግሞ ትልቅ መሣሪያ የማይጠይቅ፣ በገጠር ጤና ጣቢያም የሚሠራ ምርመራ ነው። ጥቂት ደም በንጹሕና ደረቅ የብርጭቆ ቱቦ ተቀድቶ ሳይነካ 20 ደቂቃ ይቆያል፤ ካልረጋ መርዙ ደሙን አበላሽቶታል ማለት ነው። በበረሃ እፉኝት የተነደፈ ሰው መጀመሪያ ላይ መጠነኛ እብጠት ብቻ ይዞ ደህና መስሎ ሊውል፣ ከዚያ በኋላ ግን ከድዱ፣ ከሽንቱ ወይም ከአንጎሉ ውስጥ ሊደማ ይችላል። ይህን አስቀድሞ የሚነግረው ያ ቱቦ ነው እንጂ ድንጋዩ አይደለም። በአማራ ክልል በአብዱራፊ ድንበር የለሽ ሐኪሞች ለሥራ ወደ ሰሊጥና ማሽላ እርሻ የሚወርዱ የተነደፉ ሠራተኞችን ሲያክሙ ቆይተዋል። እነዚያ ሠራተኞች እንደኛ ለመዝናናት ሳይሆን ለእንጀራ፣ ብዙዎቹም በነጠላ ጫማ ሣር ውስጥ የሚገቡ ናቸው፤ ሆስፒታል አይረባም የሚለው ቃል ለእነሱ ጆሮ ሲደርስ የሚያስከትለውን ጸሐፊው ያሰቡበት አይመስለኝም።

እንግዲህ በመንገድ ላይ ጓደኛችን ቢነደፍ ማድረግ የሚገባን ከሚመስለን ያነሰ ነው። ከእባቡ እናርቀዋለን። አረጋግተን እናስተኛዋለን፤ ቀለበት፣ አምባርና ጠባብ ጫማ እብጠቱ ሳይጀምር እናወልቃለን። የተነደፈውን እግር እንደተሰበረ አጥንት በእንጨትና በጨርቅ ደግፈን፣ ደም እንዳይታገድ ላላ አድርገን እናስራለን። የሚያስታውከው ከሆነ በግራ ጎኑ እናስተኛዋለን። ለሕመሙ ፓራሲታሞል መስጠት ይቻላል፤ አስፕሪንና አይቡፕሮፌን ግን መድማትን ስለሚያባብሱ አይሰጡም፤ አልኮልም አይሰጥም። የተነደፈበትን ሰዓት እንጽፋለን፤ እብጠቱ የደረሰበትንም በየጊዜው በእስክሪብቶ እናሰምራለን። ከዚያ እንዳይራመድ ተሸክመን ወደ መኪና፣ ከመኪናም ወደ ሕክምና እናደርሰዋለን። መርዝ የሚተፋ ኮብራ ዓይኑን ካገኘው ደግሞ ዓይኑን ሳያሽ ወዲያውኑ በብዙ ንጹሕ ውኃ ለረጅም ጊዜ ማጠብ ነው የሚያስፈልገው።

የጉዞ ቡድኖች ከመነሣታቸው በፊት ሊያደርጉት የሚችሉት አንድ ነገር አለ፤ በሚሄዱበት አካባቢ ያሉትን ሆስፒታሎች ደውሎ ፀረ መርዝና የመተንፈሻ መሣሪያ ያለው የትኛው እንደሆነ መጠየቅ። መልሱ በእጅ ካለ በጭንቅ ሰዓት ከአንዱ ወደ ሌላው መንከራተት አይኖርም። የመኪናው ሾፌርም ቡድኑ እስኪመለስ ከስልክ መስመር በማይጠፋበት ቦታ እንዲቆይ መስማማት ይቻላል።

ጸሐፊውን የምጠይቃቸው ትረካቸውን እንዲተዉ አይደለም። ስለ ገመዱ፣ ስለ ምላጩና ስለ መምጠጡ የጻፉትን አንቀጽ፣ እንዲሁም ሆስፒታል መሄድን የሚያጣጥለውን መዝጊያ ከጽሑፉ እንዲያወጡና ማረሚያውን ጽሑፉን ላነበቡት ሁሉ በሚታይ ቦታ እንዲያስቀምጡ ነው። ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ ሲደርቅ ወደ ላንጋኖ፣ ወደ አዋሽና ወደ ባሌ የሚወጡ ብዙ ወጣቶች አሉ፤ ማረሚያው ከመስከረም በፊት ቢወጣ ይደርስላቸዋል።